ታኮ የተጫማችው ባዝራ

ባዝራዋ ስሟ ወይዘሪት ነው። ስሙን ያወጣላት ባለጋጣው ነው፤ ስትራመድ አገጯን ወደ ላይ፣ ዓይኗን ወደ ጎን አድርጋ፣ የመንገደኛውን ሁሉ ሰላምታ ንቃ ስለምታልፍ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ወይዘሪት መናቋን ትታ መደናቀፍ ጀምራለች። ደልዳላ መሬት ላይ፣ ጠጠር እንኳ በሌለበት፣ የፊት ቀኝ እግሯ ጫፍ መሬቱን ጫር ያደርግና አንገቷ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ሰው ፊት እንደተደናቀፈ ኩሩ ሁሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀና ትላለች።

ያን ዕለት ጠዋት ባለጋጣው ኮቴ ከርካሚዎቹን አስጠራ። ኮቴ ከርካሚዎቹ አማትና ምራት ናቸው። አማትና ምራት በአንድ ጣሪያ ሥር ከዋሉ ሐሜትም ጠብም አይጠፋም ይባላል፤ እነዚህ ግን በአንድ ፈረስ ሆድ ሥር ስለሚውሉ ለሐሜት ጊዜ የላቸውም። ለጠቡ አያንሳቸውም።

አማትየዋን ሰው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ጎንበስ ብለው የኖሩበት ወገብ አሻፈረኝ ካለ ወዲህ ወንበር ላይ ተቀምጠው በከዘራ ያዛሉ። ምራትየዋ ደግሞ ሞረድ ከእጇ ስለማይለይ ሞረዲት ትባላለች። እትዬ ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ እሱም ፈረስ ሲያይ መንገድ የሚቀይር ጫማ ሰፊ ሆኖባቸው ቀረ። ስለዚህ ሙያው በደም መሄዱን ትቶ በጋብቻ ሄደ።

«እንግዲህ እትዬ፣» አለ ባለጋጣው የወይዘሪትን ልጓም እንደያዘ፣ «ዛሬ ከሰዓት የእንስሳት ሐኪሟ ትመጣለች። አይታት ‹ዘሯ ነው፣ አይሆንም› ካለችኝ፣ ማታውኑ ለጡብ አመላላሹ እሰጣታለሁ። ከሰውዬው ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ።»

ሞረዲት ጡብ አመላላሹን ታውቀዋለች። ጋሪውን ከአፍ እስከ ገደፉ ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ከኋላ ሆኖ ይጮኻል እንጂ ወርዶ አይገፋም። ፈረሶቹ አንገታቸው ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚሄዱት፤ የአንዱንም ኮቴ ሰው ነክቶት አያውቅም። ወይዘሪትን ከዚያ ጋሪ ፊት ታስራ አሰበቻትና ልቧ ስንጥቅ አለ።

«እናቷም እንዲሁ ታነክስ ነበር፣» ቀጠለ ባለጋጣው። «ምን ላድርግ? የዘር ነገር ነው።»

እትዬ በከዘራቸው ባልዲውን ብቻ ጠቆሙ።

የእትዬ ቤት አሠራር እንዲህ ነው። ፈረስ መጣ ተብሎ ወዲያው እግሩን አንስቶ የኮቴውን ሥር መመርመር ነውር ነው። እትዬ «ቆሞ የሚታይ እግር ይዋሻል» ይላሉ። መጀመሪያ በግቢው መግቢያ ላይ ውሃ ይደፋል፤ ፈረሱ በውሃው ውስጥ ያልፍና ደረቁን ሲሚንቶ ይረግጣል። አሻራው ይቀራል። ያን አሻራ ፀሐይ ሳትጠጣው ማንበብ ነው ሙያው፤ የትኛው እግር ቀድሞ በምኑ እንዳረፈ፣ የትኛው እንደተጎተተ፣ የትኛው እንደፈራ። ሞረዱ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሞረዲት ውሃውን ደፋች። ባለጋጣው ወይዘሪትን በውሃው አሳልፎ እስከ ግድግዳው ወሰዳት። ሞረዲት የቆዳ ሽርጧን ሰብስባ በጉልበቷ ተንበረከከችና አሻራውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተከተለችው።

የግራው እግር አሻራ ሙሉ ነበር፣ ክብ፣ ከጫፍ እስከ ተረከዝ። የቀኙ ግን ግማሽ ነው። ጫፉ ረግጧል፣ ጎንና ጎኑ ረግጧል፤ ከኋላው ምንም የለም። ተረከዙ ሲሚንቶውን አልነካም። ቀጥሎ ያለውንም አየች። ግማሽ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም ግማሽ ነው፤ እንዲያውም ከፊቱ ጫፉ የተጎተተበት ቀጭን የውሃ ጭረት አለ።

ያኔ ነው ነገሩ አናቷ ላይ የወረደው። ይህን እግር የሠራችው ራሷ ናት።

ባለፈው ባለጋጣው እንግዳ ነበረበት። «አሳምሪልኝ እንግዲህ፣ ሰው ሊያያት ነው» ብሏታል። እትዬ በወገባቸው ታመው ተኝተው ስለነበር ብቻዋን መጣች። ከወይዘሪት ፊት ለፊት ቆማ ሁለቱን የፊት እግሮች ስታይ አይመሳሰሉም፤ ግራው ሰፋ፣ ዝቅ ያለ ነው፤ ቀኙ ጠበብ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ። ምክንያቱን አሳምራ ታውቀዋለች። ወይዘሪት ከውርንጭላነቷ ጀምሮ ሣር ስትግጥ ግራዋን አስቀድማ ቀኟን ወደ ኋላ ትታ ነው፤ እንደዚያው አደገች፣ የቀኟ ጅማትም እንደዚያው አጥሮ ቀረ። ማወቅ ብቻውን ግን ምን ያደርጋል? የኮቴ ከርካሚ ፈተናው ዓይኑ ነው፤ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ካየ እኩል ካላደረገ እንቅልፍ አይወስደውም። ሞረዲትም አላስችል አላትና የቀኙን ተረከዝ ከግራው ጋር እስኪተካከል ድረስ አወረደችው። እንግዶቹ «መንታ ይመስላሉ!» ብለው አደነቁ። እሷም ቤቷ ገብታ ለባሏ ስታወራለት አመሸች። እሱ ደግሞ ጫማ ሰፊ ስለሆነ፣ ጥንድ ነገር መመሳሰሉ ትልቅ ቁም ነገር መስሎት «ጎበዝ!» አላት።

ከኋላዋ የከዘራ ኮቴ ሰማች። እትዬ ከወንበራቸው ተነስተው መጥተዋል። አሻራውን አዩት፣ እንደገና አዩት። ሲሚንቶው እየደረቀ ነበር። ከዚያ ምራታቸውን አዩ፤ ሞረዲት ዓይናቸው ውስጥ ስታይ ሁሉንም እንደተረዱት ገባት።

እትዬ ወደ ባለጋጣው ዞሩ።

«ዘሯ ነው፣» አሉ።

ሞረዲት ጆሮዋን ማመን አቃታት። እኚህ ሴትዮ ለባለ ሀብትም ለጎረቤትም ፊት ሰጥተው አያውቁም፤ በኮቴ ጉዳይ የገዛ ወንድማቸውን እንኳ «ፈረስህን አንተ ነህ ያሽመደመድከው» ብለው ከቤት ያስወጡ ናቸው። ዛሬ ግን ዋሹ። ያውም ለእሷ ሲሉ። እግራቸው ላይ ወድቃ ብትስማቸው ደስ ባላት። ደግሞም ዝም ብትል የሚጎዳ ሰው የለም፤ የቤቱ ስም አይነካም፣ ሥራው አይቀርም፣ እትዬም አያፍሩም። ሰው አልኩ እንጂ ፈረስ አላልኩም። ወይዘሪት እዚያ ግድግዳው ሥር ቀኝ እግሯን ወደ ኋላ አሳርፋ፣ ምን እንደተፈረደባት ሳታውቅ፣ የባለጋጣውን ኮሌታ ታሸታለች።

«ዘሯ አይደለም!» ብላ ጮኸች ሞረዲት። የወይዘሪት ሁለት ጆሮዎች ቀጥ አሉ። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያጠፋሁት!»

«ምንድን ነው ያጠፋሽው?» አለ ባለጋጣው።

«ተረከዟን አወረድኩት። እንግዶች ሲመጡብዎ፣ እንዲያምር ብዬ። ግራና ቀኟን እኩል አደረግኩት፤ የእሷ እግር ግን እኩል አይደለም፣ መሆንም የለበትም። ያቺ አጭር ጅማቷ ተወጠረች፣ ተረከዟ መሬት አይደርስም፤ ለዚያ ነው በጫፏ የምትረግጠው፣ ለዚያ ነው የምትደናቀፈው። እናቷም ዘሯም የሉበትም።» ትንፋሿ አለቀ።

ባለጋጣው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ታዲያ መልሺዋ!» አለ። «እንዳወረድሽው መልሰሽ አውጪው!»

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣» አሉ እትዬ ከዘራቸውን ሲሚንቶው ላይ ቀጭ አድርገው። ለባለጋጣው መልስ ይምሰል እንጂ ዓይናቸው ምራታቸው ላይ ነበር። «ኮቴ የሚመለሰው ሲያድግ ነው። ወራት ይፈልጋል።»

«እኔ ወራት የለኝም! ሐኪሟ ከሰዓት ትመጣለች። እሷ ፊት ካነከሰች ባዝራዋ ለጡቡ፣ እናንተም ከዚህ በር ወዲያ! ባለ ፈረስ የሆነ ሁሉ እንዲሰማም አደርጋለሁ።»

እትዬ ተመልሰው ተቀመጡ። ወንበሩ እንደሳቸው አቃሰተ። «ተሸፍኖ የነበረውን ገለጥሽው፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንግዲህ እንዴት እንደምትከድኚው አየዋለሁ።»

ሞረዲት ልታለቅስ ነበር፤ ግን ለማልቀስም ቢሆን የወይዘሪትን እግር ይዛ ማልቀስ ነው የቀለላት። ሄዳ አጠገቧ ተንበረከከች። ቀኝ እግሯን አነሳች፣ አየች፣ መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ ጣቷን ከተረከዙ ሥር ሰደደች። ጣቷ ገባ። በኮቴውና በሲሚንቶው መሃል፣ ከፊት ጠቦ ከኋላ የሚሰፋ ቀዳዳ አለ። ጣቷን አስገባች፣ አወጣች፣ እንደገና አስገባች።

እዚህ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ አንድ ሽብልቅ ቢኖር! ከፊት የሳሳ፣ ከኋላ የወፈረ፣ የማይንሸራተት፣ የማይሰበር። ተረከዙ መሬት እስኪደርስ መጠበቅ ለምን? መሬቱን ወደ ተረከዙ ማምጣት ነው! ሰውን ከመሬት ከፍ የሚያደርግ ነገር ደግሞ ሲሠራ የሚውለው ማን ነው?

ሳቋ ፈነዳ። ባለጋጣው በድንጋጤ ወደ ኋላ ተመለሰ።

«ለየላት፣» አሉ እትዬ።

«እትዬ! ታኮ! ታኮ ነው የሚያስፈልጋት!» ብላ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ እግሬ አውጪኝ አለች።

የጫማ ሰፊው ሱቅ ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ ከመኝታ ቤታቸው ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ጣሪያው እስኪነካ የእንጨት የእግር ቅርጾች ተደርድረዋል፤ መስኮቱ ሁልጊዜ ክፍት ነው፣ አለዚያ ማስቲሹ ራስ ያዞራል። ባሏ የሴት ጫማ ጉልበቱ ላይ ገልብጦ ታኮ እየመታ ነበር። ሚስቱ በሩን በትከሻዋ በርግዳ ስትገባ አፉ ውስጥ የያዘው ሚስማር ሊዋጥ ለጥቂት ተረፈ።

«ተነስ! አንድ እግር ጫማ ያስፈልገኛል፣ አሁኑኑ!»

«ሌላው እግር የት ሄደ?»

«ሌላው ደህና ነው። ሌሎቹ ሦስቱም ደህና ናቸው።»

ባሏ ሚስማሩን ከአፉ አወጣ። ሦስት የሚለውን ነገር በልቡ ደመረና ፊቱ ተቀየረ። «ፈረስ ነው የምትዪኝ?»

ነገረችው፤ እንደ ዝናብ አወረደችበት፤ ተረከዙን፣ ቀዳዳውን፣ ጡብ አመላላሹን፣ የእናቱን ውሸት። እናቱ ዋሹ ሲባል መዶሻውን አስቀመጠ። «እማዬ ዋሸች? እማዬ?» ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «አዝናለሁ ውዴ፣ ግን እኔን ተዪኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማሽም?»

«አህያ ያልከኝን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። አሁን ቆዳህን ያዝ!»

ሰውየው ፈሪ ይሁን እንጂ ባለሙያ ነው፤ ባለሙያን ደግሞ ከፍርሃቱ የሚያወጣው ሌላ ነገር ሳይሆን ጥያቄ ነው። መንገዱ ላይ ሳጥኑን ታቅፎ ከኋላዋ ዱብ ዱብ እያለ መጠየቅ ጀመረ። ክብደቷ ስንት ይሆናል? መሬቱ ሻካራ ነው ለስላሳ? ስትረግጥ ኮቴው ይሰፋል ወይስ አይንቀሳቀስም? «በጣም ትንሽ ይሰፋል፣ ከኋላ በኩል» ስትለው፣ «እንግዲያ ጠንካራ ቆዳ አይሆንም፣ ድርብርብ ነው የምሠራላት፣ እንዲተጣጠፍ» አለ። ሁለተኛውን መንገድ ሲሻገሩ እሱ ነበር የቀደመው። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ግን ወይዘሪት አንኮራፋችና እንደገና ከኋላ ሆነ።

ግድግዳውን ተደግፎ፣ ወይዘሪት ብትዘረጋ የማትደርስበት ቦታ መርጦ ቆመ። «ልኩን አንቺ ለክተሽ አምጪልኝ።» ሞረዲት በክር ለካች፣ በጣቷ ቀዳዳውን አሳየች። እሱም መሬት ላይ ተቀምጦ ቆዳውን ቆረጠ፣ ደረበ፣ ፊቱን አሳሳ። አምጥታ ከተረከዙ ሥር አደረገችው። ወይዘሪት ስትረግጥበት እግሯ ወደ ውጪ ዘመመ። ሌላ ሠራ። ይሄኛው ደግሞ ወደ ውስጥ።

«ልጄ፣» አሉ እትዬ ከወንበራቸው፣ «አንተ ጫማ ስትሰፋ እግሩን ጎረቤት ነው የሚለካልህ?»

ጫማ ሰፊው ሳጥኑን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንደሚገባ ሰው ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰብስቦ መጣ። ሞረዲት የወይዘሪትን እግር አንስታ ጭኗ ላይ ይዛለች። እሱ አጎነበሰ፣ አውራ ጣቱን ተረከዙ ላይ አስኬደ። ወይዘሪት አንገቷን አዙራ ማጅራቱ ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ለቀቀችበት። የሰውየው ፀጉር ቆመ፤ ጣቱ ግን አልቆመም።

«አንቺ፣» አለ ድንገት፣ ድምፁ የሱቁ ድምፅ ሆኖ፣ «የተረከዟ የውስጥ ጎን ከውጪው ትንሽ ዝቅ ይላል። አላየሽውም?»

ሞረዲት አየች። እውነቱን ነው! የወረቀት ያህል ልዩነት ናት፤ በአውራ ጣት እንጂ በዓይን አትገኝም። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም፣ የወይዘሪትን እግር ባትይዝ ኖሮ ታቅፈው ነበር። እሱ ሦስተኛውን ሽብልቅ እዚያው አጠገቧ ተንበርክኮ ቆረጠ፤ እሷ ደግሞ የኮቴውን ጫፍ ከፊት በኩል በሞረድ አለዘበችው፣ እግሩ ሲነሳ መሬቱን እንዳይጭር፣ እንዲንከባለል። ሽብልቁ ገባ። ወይዘሪት ረገጠች። እግሩ ቀጥ አለ፣ ቀዳዳውም ጠፋ።

«በለው!» አለ ጫማ ሰፊው፣ ማስቲሹን ከፈተና ቀባ፣ ገጠመ፣ ጫነ። ለቀቁት። ሽብልቁ ዱብ ብሎ ወደቀ።

እንደገና ቀባ። እንደገና ወደቀ።

«ይሄን እግር ማን ነው ያጠበው?» ብሎ ጮኸ። «እርጥብ ነው እኮ! ማስቲሽ ውሃ ላይ አይይዝም!»

ሞረዲትና እትዬ ተያዩ። ማን ያጥበዋል? የቤቱ ሥርዓት ነው ያጠበው። እትዬ ለዘመናት የኮሩበት ያ የአሻራ ውሃ፣ በኮቴው ስንጥቅና ቀዳዳ ሁሉ ገብቶ ተቀምጧል። ባለጋጣው የሐኪሟ መኪና ይመጣ እንደሆነ ለማየት ወደ በሩ ይሮጣል፣ ይመለሳል። «ቶሎ በሉ እንጂ!» ይላል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣» አለ ጫማ ሰፊው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለጋጣውን ሳይፈራ። «ደረቅ ጨርቅ ስጡኝ።»

ግቢው ውስጥ ያለ ጨርቅ ሁሉ ወይ ቅባት የነካው ወይ ፈረስ የታጠበበት ነው። እትዬ አንገታቸው ላይ ያለውን ሻርፕ ፈቱ። የበዓል ሻርፓቸው ናት፣ ሰው እንዲነካት አይፈቅዱም። አንድ ቃል ሳይናገሩ ወደ ሞረዲት ወረወሩላት። ሞረዲት አድርቃ አድርቃ፣ ስንጥቁን በሻርፑ ጫፍ ጠርጋ፣ ተረከዙን በሞረድ ሻከር አደረገችው። ባሏ አዲስ ማስቲሽ በስሱ ቀባ፤ ለቆዳውም፣ ለኮቴውም።

«አሁን ይጠበቃል፣» አለ። «ተቀብቶ ወዲያው አይገጠምም። ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ፣ እግሩን መሬት እንዳታስነኪ።»

ይሄኔ የመኪና ድምፅ ተሰማ።

ሞረዲት የፈረስ እግር ጭኗ ላይ ይዛ፣ ወገቧ እንደ እሳት እየነደደ፣ ወይዘሪት ደግሞ ማረፊያ ያገኘች መስሏት ክብደቷን እየለቀቀችባት ቆየች። የመኪናው በር ተዘጋ። ጫማ ሰፊው በጣቱ ነካ አደረገ። «ገና ነው።» ሐኪሟ ባለጋጣውን ሰላም ስትለው ተሰማ። «ገና ነው።» እርምጃዋ ቀረበ። «ገና... ገና... አሁን!» ብሎ ሽብልቁን ለጠፈ፣ በሁለት መዳፉ ጨመቀ፣ በመዶሻው እጀታ ዙሪያውን ቀስ ቀስ እያደረገ መታ። ሞረዲት እግሩን አስቀመጠች። ሽብልቁ አልወደቀም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ እርጋታዋ ግን የአሮጊት ነው። የጎማ ጫማዋን አድርጋ፣ እጇን ኪሷ ከትታ፣ መጀመሪያ ባዝራዋን፣ ቀጥሎ ሦስቱን ላብ ያጠመቃቸውን ሰዎች አየች። «ይሄ ምንድነው?» አለች ታኮውን እያየች። ሞረዲት እንደገና ተናገረች፤ ጠዋት የከበዳት ነገር አሁን ቀለላት። ሐኪሟ ሳታቋርጥ ሰማቻት። አጎንብሳ ጅማቱን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰች፣ ሙቀት እንዳለው በእጇ ጀርባ ለካች።

«በሶምሶማ ላያት፣» አለች። «እስከ ጥግ ድረስ ሄዳ ትዞራለች።»

ወይዘሪት ከሁሉ ይበልጥ የምትደናቀፈው ጥጉ ላይ ስትዞር ነው። ሁሉም ያውቃል። ባለጋጣው ልጓሙን ይዞ መሮጥ ጀመረ፣ ወይዘሪትም ተከተለችው። ሲሚንቶው ላይ የኮቴ ድምፅ ተነሳ፤ ቷ፣ ቷ፣ ቷ፣ ቷ። ሞረዲት ለማየት ድፍረት አጥታ ዓይኗን ጨፈነች፣ በጆሮዋ ብቻ ተከተለች። እኩል ነው። አሁንም እኩል ነው። የአንዱ ድምፅ ብቻ ለስለስ ይላል፤ የቆዳው። ወደ ጥጉ ሲቃረቡ ባሏ ክንዷን ጨምድዶ ያዛት። ወይዘሪት ዞረች። ቷ፣ ቷ። ጭረት የለም፣ ዝቅታ የለም! ዓይኗን ስትገልጥ ወይዘሪት እየተመለሰች ነው፤ አገጯ ወደ ላይ፣ ዓይኗ ወደ ጎን፣ ግቢው ውስጥ ያሉትን ሁሉ ንቃ።

«አንዴ ድገሙልኝ፣» አለች ሐኪሟ። ባለጋጣው ምላሱ ወጥቶ ደገመ። ከዚያ በግራ አዞረች፣ በቀኝ አዞረች፣ በዝግታ አስኬደች።

«ዘር አይደለም፣» አለች በመጨረሻ። «አጠር ያለ ጅማት ነው፣ ድጋፉ ሲወሰድበት ተወጠረ። አልተበጠሰም። ኮቴዋ እስኪያድግ ይሄን ታኮ እያደሳችሁ፣ እያሳሳችሁ ትሄዳላችሁ፤ እስከዚያ ግልቢያ የለም፣ ደልዳላ መሬት ላይ በዝግታ ብቻ። ለሸክም ግን እንዳትሰጧት፣ ያን ጊዜ ነው የምትበላሸው።»

«ዕድሳቱን ለእኔ ተዉት!» ብሎ ጮኸ ጫማ ሰፊውና ወይዘሪትን አንገቷን አቅፎ ሳማት። ያደረገው ነገር የገባው ከሳማት በኋላ ነው፤ ዘሎ ግድግዳው ሥር ደረሰ። ሐኪሟ እስከ መኪናዋ ድረስ እየሳቀች ሄደች። እትዬ እንኳ ከዘራቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታየ።

ባለጋጣው አልሳቀም። ወይዘሪትን አስሮ ለጡብ አመላላሹ ደወለና እንዳይመጣ ነገረው፤ ሰውዬው በስልኩ ውስጥ ሲጮህ እስከ በሩ ይሰማ ነበር። ከዚያ ወደ እትዬ መጣ።

«ጠዋት ዘሯ ነው አሉኝ።»

«ዋሸሁህ፣» አሉ እትዬ። «ባዝራህን አውቄ ለጋሪ ሰጠኋት። ምራቴ ትበልጥብኛለች።»

ሞረዲት ሞረዷንና ጉጠቷን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ተነሳች። ወይዘሪት ተርፋለች፣ ያ ይበቃታል፤ ከዚህ በር መውጣቱን ጠዋት «እኔ ነኝ» ስትል ተቀብላዋለች። ባሏ ሳጥኑን አነሳ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ከኋላቸው የጋጣው መወርወሪያ ሲሳብ ተሰማ።

ባለጋጣው ድንጉላውን ይዞ ወጣ። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ከግቢው ፈረሶች ሁሉ የሚሳሳለት ነው፤ ከእትዬ እጅ በቀር ኮቴውን የነካ የለም፣ እትዬ ወገባቸው ካመማቸው ወዲህም ማንም አልነካውም። ገመዱን ይዞ እትዬን አልፎ ሞረዲት ፊት ቆመ።

«ይሄንንም እዪልኝ፣» አለ። ቁጣው ገና ሙሉ በሙሉ አልወጣለትም። «ብትሳሳቺ ትነግሪኛለሻ።»

ሞረዲት እጇን ለገመዱ መዘርጋት አቃታት። ወደ እትዬ አየች። እትዬ ከወንበራቸው ተነስተዋል። ባልዲውን በግራ፣ ከዘራውን በቀኝ ይዘው፣ እያዘገሙ ወደ መግቢያው ሄደው ውሃውን ራሳቸው ደፉት። ድንጉላው በውሃው አልፎ ደረቁን ሲሚንቶ ረገጠ። አማትና ምራት አሻራው አጠገብ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ሞረዲት ተንበርክካ፣ እትዬ ወገባቸው እስከፈቀደላቸው ጎንበስ ብለው።

«ምን ይታይሻል?» አሉ እትዬ።

ሞረዲት ቀና አለች። ልጃቸውን ካገባች ጀምሮ እኚህ ሴት ነግረዋታል፣ አዝዘዋታል፣ ተቆጥተዋታል፣ አልፎ አልፎም መርቀዋታል። ጠይቀዋት ግን አያውቁም። ዓይኗ ሞላ፤ አሻራው ደግሞ እየደረቀ ነው። በክንዷ ዓይኗን ጠረገችና ጣቷን የመጀመሪያው አሻራ ላይ አደረገች።

«ከግራው ልጀምር፣» አለች፤ እትዬም በደንብ እንዲሰሙ ትከሻዋን ተደገፉ።